ከፍታው ነው

የአዲስ አበባ እንግዳ እኛ ጋ ጽጽቃ ሲመጣ የመልክዓ ምድር ፍቅር የሚይዘው አቀበት ላይ ነው። ሜዳ ላይ ሳለ ዞር ብሎ ያላየውን ተራራ፣ ዳገቱን ሲያጋምስ ቀጥ ብሎ ይቆምና እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ «አቤት፣ አገሩ ሲያምር!» ይላል። «አገ» ካለ በኋላ ተንፍሶ ነው «ሩ» የሚለው።

ባለፈው ጥምቀት የመጣው ያጎቴ ልጅም እንዲሁ አገር ወዳድ ሆኖ ሰነበተ። ከመኪና ወደ ሊፍት፣ ከሊፍት ወደ ወንበር ሲል የሚውል ሰው ነው። ከገበያ ወደ ቤት ስንወጣ፣ እሱ አገሩን እያደነቀ ቆሞ ሳለ፣ አንዲት እናት 20 ሊትር ውሃ በቢጫ ጀሪካን አዝለው ከኋላችን ደረሱ። ሰላምታ ሰጡን፤ የቤተሰቡን ደህንነት አንድ ባንድ ጠየቁ፤ በፍየል ዋጋ አማረሩ። ይህን ሁሉ ሲሉ እግራቸው አልቆመም። ቃል የሚወጣው ከሚወጣ አየር ጋር ነውና፣ ዳገት ላይ የሚያወራ ሰው ትርፍ አየር ያለው ሰው ነው። ያጎቴ ልጅ ለ«እግዚአብሔር ይመስገን» የሚሆን እንኳ አጥቶ ራሱን ነቀነቀ።

«አሞሃል እንዴ፣ ልጄ?» አሉት።

«ከፍ... ከፍታው ነው፣ እማማ።»

ይህቺን ማለፍ አልቻልኩም። አዲስ አበባ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጽጽቃ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ብላ። ሰውየው ወደ እኛ የመጣው ወርዶ ነው! እርግጥ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ያንሳል፤ ኦክስጅን ያው ከመቶ 21 እጅ ቢሆንም፣ አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ይቀንሳል። ይህ ሰበብ ግን ከጅቡቲ ለመጣ ሰው ነው እንጂ ቦሌ ለኖረ አይሠራም።

ሳንባውም ጥፋት የለበትም። ቀኙ ሦስት ክፍል፣ ግራው ለልብ ቦታ ለቆ ሁለት፤ እንደ ማንኛችንም ነው። ከጉሮሮ የሚወርደው ቧንቧ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት እያለ 23 ጊዜ ያህል ተከፋፍሎ መጨረሻው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ናቸው። ግድግዳቸው ቢዘረጋ 70 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። የሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ይህን አያክልም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሳንባ ራሱን የሚነፋበት ጡንቻ የለውም። ከሥሩ የተዘረጋው ድያፍራም ወደ ታች ሲወርድ ደረት ይሰፋል፤ አየር ይገባል። ድያፍራሙ ግን ለመውረድ ሆድ ዕቃውን መግፋት አለበት፤ ያጎቴ ልጅ ደግሞ ያንን ቦታ በክትፎና በቢራ አስይዞታል። ሥራ ያልለመደ እግርም ቶሎ አሲድ ያመነጫል፤ እሱና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደም ውስጥ እንዳይጠራቀሙ የአንጎል ግንድ «አውጣ! አውጣ!» እያለ ያስተነፍሰዋል። ሳንባ የሚወቀሰው በእግር ጥፋት ነው።

ከፍታ የሚያውቁስ የስሜን ሰዎች ናቸው። ሲንትያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እዚያ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የሰዎቹ ሄሞግሎቢንም የደማቸው ኦክስጅንም ባሕር ጠረፍ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኝቷል። የአንዲስ ደገኞች ሄሞግሎቢናቸው ይጨምራል፤ የቲቤቶቹ ኦክስጅን ይቀንሳል። የእኛዎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ይኖራሉ።

ይህን ቡና ላይ ስነግረው ደረቱን ነፋ። «እኔም እኮ የደጋ ዘር ነኝ!»

ወዲያው ማድ ቤት በርበሬ መታመስ ጀመረ። የደጋው ዘር አስነጠሰ፣ አሳለ፣ እንባው ወረደ። «ይማርህ!» «ያኑርሽ!» አላባራ አለ። እናቴ ጭሱ መሀል ጎንበስ ብላ ማማሰያውን ታዞራለች። «እኔ ለምጄዋለሁ» አለች። ሳንባ ግን ከፍታን እንጂ ጭስን አይለምድም። ዳገቱን እያወራች የምትወጣው ይህችው እናቴ፣ ጠዋት ከመኝታዋ ስትነሳ የምታስለው ሳል ግድግዳ አልፎ ይሰማኛል። ዳገት ያልነካባትን ትንፋሽ ምድጃው በየቀኑ እየሸረፈ ይወስድባታል፤ ይህን ደግሞ ማንም «ከፍታው ነው» ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

«ነገ ቆርቆሮ ገዝተን ጭስ ማውጫ እንግጠምላት» አልኩት።

እንባውን እየጠረገ ቀና ብሎ ክዳኑን አየ።

«ጣሪያው ላይ ማን ሊወጣ ነው?»