እርካብና ፔዳል
በጫማ ሶል ላይ በብሎን የታሰረ ቁራጭ ከብስክሌት ፔዳል ጋር የሚቆላለፍበትን፣ ለመላቀቅም ተረከዝን ወደ ውጭ መጠምዘዝ የሚጠይቀውን መሣሪያ ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ለገበያ አቀረበ፤ ብስክሌተኛው በርናር ኢኖም በማግስቱ ዓመት ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈበት፤ የቀደመውን የጣት ማቀፊያ ስላስቀረ ብቻ ግን ይህ እግር አሳሪ በእንግሊዝኛ «ማቀፊያ የለሽ» ይባላል። በአንጻሩ የጥንቱ የኢትዮጵያ ፈረሰኛ በእርካቡ ቀለበት የሚያስገባው አውራ ጣቱን ብቻ ነበርና፣ ቢወድቅ እግሩ ቶሎ ይፈታለት ነበር። 2,400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ባለችው አሰላ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ትምህርት ቤት በሩጫ በተመላለሰበት አገር፣ ለዚህ ፔዳል አዲስ የሆነው ብስክሌተኛ ዳገቱን በክብር ጨርሶ ጋሪ መንገድ ሲዘጋበት ይቆማል፤ ተረከዙ ትዝ የሚለውም ከነብስክሌቱ በጎኑ ከተጋደመና የጋሪው ፈረስ በትዕግሥት ካየው በኋላ ነው።