የስኬነክታዲው የጫግኒ ልጅ

አንድ የጫግኒ ልጅ በይነ መረብ ላይ አካውንት ሊከፍት ተቀምጧል እንበል። ስሙን ሞላ። በ251 የሚጀምረውን ስልኩንም ሞላ። ቀጥሎ «ዚፕ ኮድ» የሚል ሣጥን ቀይ ኮከቡን ለጥፎ ተገተረበት፤ ካልሞሉት አያሳልፍም።

ዚፕ ኮድ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1963 የጀመሩት ባለ አምስት አኃዝ የፖስታ ቁጥር ነው፤ ደብዳቤ በየደጃፉ ለሚታደልበት አገር የተበጀ። እኛ ዘንድ ደብዳቤ በአብዛኛው ፖስታ ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ባለቤቱን ይጠብቃል እንጂ ቤት ድረስ አይመጣም። ይህን ለቀዩ ኮከብ ማስረዳት አይቻልም። ልጁም መላ የጠፋው ሰው የሚያደርገውን አደረገ፦ 12345።

አለፈለት! ጉዱ ግን ቁጥሩ እውነትም መኖሩ ነው። ኒውዮርክ ግዛት፣ ስኬነክታዲ በምትባል ከተማ ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የተሰጠ ዚፕ ኮድ ነው። ከቅርቧ ከተማ ከኮሶበር አልፎ የማያውቀው ልጅ፣ በኮምፒውተሩ ዘንድ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የስኬነክታዲ ሰው ሆነ። ስንቱ በየዓመቱ ዲቪ እየሞላ ያጣውን ነገር እሱ በአምስት ቁጥር አገኘው።

«የቤተሰብ ስም» ሲባል የአባቱን ስም ጽፎ ነበርና፣ በማግስቱ «ውድ አቶ እገሌ» የሚል መልእክት ደረሰ። አቶ እገሌ አባቱ ናቸው። ልጃቸው የይለፍ ቃሉን እንዲቀይር የሚጠየቁት እሳቸው ሆኑ ማለት ነው፤ ያውም ስልካቸው ባለ ቁልፍ ሆኖ ሳለ። ጳጉሜን ውስጥ ቢወለድ ኖሮማ ባሰው ነበር፤ አሥራ ሁለት ወር ብቻ በተደረደረበት ዝርዝር ውስጥ የልደት ቀኑን ሲፈልግ ይመሽበታል።

ከገባ በኋላም ሰው አገሩን አይጠይቀውም፤ አሜሪካዊ ነህ ብሎ ይጀምራል። «በሰመር እንዝናና» ይሉታል ሐምሌ ላይ፤ እሱ ጭቃውን በቦቲ እያቦካ ያነባል። መስከረም 1 ቀን የአደይ አበባ ሥዕል ለጥፎ «እንኳን አደረሳችሁ» ሲልማ ቁጣው ከየአቅጣጫው ወረደበት። ቀኑ ለእነሱ ሴፕቴምበር 11፣ እ.ኤ.አ. የ2001ዱ ጥቃት መታሰቢያ ነው። በዚያው ዕለት እዚህ 1994 ዓ.ም. እየባተ ነበር ብሎ ቢያስረዳ፣ የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ሌላ ክርክር ከፈተ።

በአሜሪካኖች መሳቅ መቼም ቀላል ነው። አማርኛው ቴሌግራም ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሁሉም የአዲስ አበባ ሰው አድርጎ ቆጠረው። «ጫማ በቅናሽ፣ አድራሻ፦ ሜክሲኮ፣ ዴሊቨሪ በነፃ» ይላል ማስታወቂያው። የከተማ ስም የለ፣ የአገር ስም የለ። ጫግኒ ላይ ለተቀመጠ ሰው ከሁለቱ ሜክሲኮዎች አንዱም ቅርብ አይደለም፤ የአዲስ አበባው ሜክሲኮ አደባባይ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ አገሩ ውቅያኖስ ማዶ ነው። አደባባዩ ስሙን ያገኘው ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ስላለች ነው። ሜክሲኮ ሲቲም በበኩሏ «ኢትዮጵያ» የሚባል የባቡር ጣቢያ አላት። እዚያ ያለ ነጋዴ «አድራሻ፦ ኢትዮጵያ» ብሎ ቢጽፍ ጫግኒዎች ጫማው ደረሰልን ብለው ይነሱ ይሆናል።

«አማርኛህ ጥሩ ነው፣ የት ሰፈር ነህ?» ብሎ የጠየቀውም አለ። ቤቱ አውኚ፣ ገበያው አማርኛ የሆነበት ሰው ይህን በአንድ መስመር እንዴት ይመልሰው? «ቦሌ» ብሎ ተገላገለ።

በማስታወቂያዎቹ ሲስቅ የከረመው ልጅ ባለፈው እሱም ማር ሊሸጥ ለጠፈ፦ «የተጣራ ማር፣ አድራሻ፦ መናኸሪያው ፊት ለፊት»። አንድ ሚኒያፖሊስ የሚኖር ሰው «የየት አገር መናኸሪያ?» ሲል ጻፈለት።

ልጁ ተናደደ። «ደግሞ ስንት መናኸሪያ አለ?»