ካቤየስን ያላየንበት ሌሊት

መስከረም 29 ቀን 2002 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሳን ሆዜ ወደ ሃሚልተን ተራራ በሚወስደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጎማችን ተነፈሰ። ስኮርታው ነበረ፤ ክሪኩ ግን የለም። ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው «ስንት ሰዓት ሆነ?» እያሉ ይወተውቱኛል። እውነታቸውን ነው። 10 ሰዓት ከ31 ላይ፣ ከ2 ቶን በላይ የሚመዝነው ሴንቶር የተባለ ባዶ የሮኬት አካል በሰከንድ 2.5 ኪሎሜትር እየተምዘገዘገ ከጨረቃ ደቡብ ዋልታ አጠገብ ካቤየስ ጉድጓድ ውስጥ ሊከሰከስ ነው። አቧራው በደህና ቴሌስኮፕ ይታያል ተብሏል፤ የእኛው ኋላ ወንበር ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ካቤየስ ወደ 100 ኪሎሜትር ይሰፋል። የጨረቃ ዛቢያ የሚያዘነብለው 1.5 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ዋልታዋ ላይ ፀሐይ ከአድማስ ብዙም ከፍ አትልም፤ ከጉድጓዱ ወለል ጨርሶ ጮራ የማያርፍበት ሥፍራ አለ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚያ የወደቀ ውሃ በረዶ ሆኖ ይቀራል፤ ናሳ ሮኬቱን እዚያ የሚከሰክሰውም ይህን ውሃ ፍለጋ ነበር። ያን ያህል ዘመን ጨለማ ውስጥ የኖረ አፈር ተነስቶ ፀሐይ ሲመታው ማየት ነበር ምኞቴ።

አንድ መንገደኛ ክሪክ አዋሰን። ጫፍ መድረሱ ስለማይታሰብ ቴሌስኮፑን መንገድ ዳር ገላጣ ቦታ ላይ ተከልን። ሰዓቱ ደረሰ። ምንም። ከ4 ደቂቃ በኋላ ሮኬቱን ከኋላ የምትከተለው ኤልክሮስ የተባለች መንኮራኩርም ተከሰከሰች። አሁንም ምንም።

«አንተ ልጅ፣ መታው ወይስ ሳተው?»

«መትቶታል፣ ጋሼ። ሰዓቱ አለፈ።»

በማግስቱ ያገኘሁት ሰው ሁሉ «ገንዘቡን አፈር ውስጥ ጨመሩት» ይላል። እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሮኬቱ መንኮራኩሮች አድርሶ ሥራውን የጨረሰ ነው። ኤልክሮስ ደግሞ በተነሳው አቧራ መሃል እያለፈች፣ እየለካች፣ እስክትከሰከስ ድረስ መረጃ ስትልክ ነበር። እኛ ያላየነው አቧራው ደብዛዛ ስለነበር፣ ከጉድጓዱ ፊት ያለው ተራራም ስለጋረደን ነው።

ኅዳር 4 ቀን ናሳ ውሃ መገኘቱን አስታወቀ። በዓመቱ በወጣው ስሌት መሠረት መሣሪያዎቹ ካዩት ውስጥ ወደ 155 ኪሎ የሚሆነው የውሃ እንፋሎትና በረዶ ነበር፤ ከአፈሩ ክብደት 5.6 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ሜርኩሪም አብሮ ተገኝቷል።

ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። ውሃው አስደሰታቸው፣ ሜርኩሪው አሳሰባቸው። «እዚያ የሚሄዱት ልጆች ሳያጣሩ እንዳይጠጡ» አሉ።