የምህንድስና ትምህርትን ጥራት ከነሳጥኑ ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ ቁጥር 0/2018

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የጥራትን ጠላት ጆሮውን ይድፋው!

በ2001 ዓ.ም. ከመቶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲማር ሲወሰን ወንበሩ ተቆጥሮ መዶሻው ሳይቆጠር በመቅረቱ፤

በ2003 ዓ.ም. እዚሁ ክልላችን ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል በዚያው ሰሞን አሶሳም ዩኒቨርሲቲ ያገኘች ቢሆንም፣ ግድቡ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ በጳጉሜን 2017 ከተመረቀም በኋላ፣ ሸርቆሌ ውስጥ የእጅ ፓምፕ በተበላሸ ቁጥር ጎሚኒ የሚቀይር ሰው እስኪገኝ ጄሪካን መሰለፉ ያልቀረ በመሆኑ፤

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመውጫ ፈተና 50 ከመቶ ያላመጣ እንዳይመረቅ ቢደረግም፣ ፈተናው በምርጫ ሆኖ ሳለ ኮንክሪት ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የማያውቅ ፍጡር ሆኖ በመገኘቱ፤

በልማድ ሲሠራበት ለኖረው አሠራር ሕጋዊ መልክ መስጠት በማስፈለጉ፤ ማንም ያልሾመን፣ በሸርቆሌ ማንጎ ጥላ ሥር የተሰየምን አርቃቂዎች የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «ሳጥን እንዳይከፈት የወጣ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፦
ሀ) «ላብራቶሪ» ማለት ቁልፉ ስብሰባ ከሄደ ሰው ኪስ ውስጥ የሚገኝ ክፍል ነው።
ለ) «ኢንተርንሺፕ» ማለት ተማሪው ማኅተም ፍለጋ የሚዞርበት ሴሚስተር ነው።
ሐ) «የመመረቂያ ፕሮጀክት» ማለት ከቀዳሚ ተመራቂ በፍላሽ የሚወረስ ርስት ነው።
መ) «ጥራት» ማለት በሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ተብሎ የሚጻፍ ዓረፍተ ነገር ነው።

አንቀጽ 3፦ የማሽን መብት
1) በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ማንኛውም ማሽን ሳይነካ የማርጀት መብቱ የተጠበቀ ነው።
2) ካቻቢቴ፣ ፒንሳና መፍቻ ለጉብኝት ቀን በጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ እንግዳው ሲሸኝ ተቆጥረው ይመለሳሉ።
3) ማሽኑን ከሳጥኑ አውጥቶ አገልግሎት ላይ ያዋለ መምህር በንብረት ማባከን ይጠየቃል።

አንቀጽ 4፦ የተግባር ትምህርት
1) የኮንክሪትን ልስላሴ ለመለካት 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሾጣጣ ቆርቆሮ በሦስት ዙር ይሞላል፤ እያንዳንዱ ዙር በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወቀጣል፤ ከዚያ ቆርቆሮው ቀጥ ተደርጎ ይነሳና ክምሩ ምን ያህል እንደ ወረደ በመስመሪያ ይታያል። ይህ ሁሉ ላብ የሚያስወጣ ስለሆነ ተማሪው በስላይድ ይመለከተዋል።
2) 5,150 ሜጋ ዋት ባለበት ክልል መብራት ከጠፋ መምህሩ በባዶ እጁ እየወቀጠ ይተርካል።
3) የሙከራው ውጤት ከዓምናው ሠንጠረዥ ይገለበጣል። የዓምናው ከካቻምናው መገለበጡ ለትክክለኛነቱ በቂ ማስረጃ ነው።

አንቀጽ 5፦ ስለ ሕገወጥ ላብራቶሪዎች
በሸርቆሌና በኩርሙክ ወንዞች ዳር ወርቅ የሚያጥቡ የበርታ እናቶች ያለ ፈቃድ ፊዚክስ እያስተማሩ መሆናቸው ተደርሶበታል። ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ እንደሚከብድ፣ ተራ አሸዋ ግን ሦስት እጥፍ እንኳ እንደማይሞላ ሃንድአውት ሳያነቡ በክንዳቸው ያውቁታል። ገበቴውን ዘንበል አድርገው ዞር ዞር ሲያደርጉት ቀላሉ አሸዋ ከውኃው ጋር ይወጣል፤ ቢጫዋ ፍንጣሪ ከሥር ትቀራለች። የማዕድን ምህንድስና ተማሪ ወደነዚህ እናቶች ቢጠጋ ቀመሩ የት እንደሚውል ሊገባው ስለሚችል፣ ከ200 ሜትር ወዲህ እንዳይቀርብ ተከልክሏል። እናቶቹን በፈታኝነት መጋበዝ ደግሞ በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ የሚያርሙት ወረቀት አይደለምና።

አንቀጽ 6፦ ስለ ተጠያቂነት
1) ማሽን ቢሰበር የፈረመበት ሰው ከደመወዙ ይከፍላል።
2) አምስት ዓመት ተምሮ ማሽኑን ማስነሳት የማይችል መሐንዲስ ቢመረቅ ማንም የፈረመበት ሰው ስለሌለ ማንም አይከፍልም።
3) በዚህ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 1 እና 2 መካከል ያለውን ግንኙነት መጠየቅ ያስቀጣል።

አንቀጽ 7፦ የተሻሩ ልማዶች
በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ዘመን የነበረው፣ ተማሪን ቱታ አልብሶ ብረት፣ እንጨትና ኤሌክትሪክ በእጁ የማስያዝ ልማድ ጥፍር የሚያቆሽሽ ሆኖ ስለተገኘ ተሽሯል።

አንቀጽ 8፦ የመሸጋገሪያ ድንጋጌ
«የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ እስኪለጠፍ በየቦርዱ ሥር የሚጠባበቁ ምሩቃን ባሉበት ይቆያሉ። ፓምፑም እንዲሁ።

አንቀጽ 9፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ከመታወጁ በፊት ሥራ ላይ ውሎ ስለሰነበተ የነጋሪት ጋዜጣ ቀለም አያስፈልገውም።

እንዲሻር የሚፈልግ ካለ ግን የምክር ቤት ድምፅ መጠበቅ አይኖርበትም። አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ «ቢሰበር በእኔ ይሁን» ብሎ ቁልፉን ለተማሪ በሰጠ ዕለት አዋጁ ይሻራል፤ የትምህርት ሚኒስቴርና የዩኒቨርሲቲዎች የንብረት መመሪያም ለትምህርት ሲባል የተሰበረን ዕቃ ከጠፋ ዕቃ ለይቶ ከያዘ ዳግመኛ አይጸናም። ስለዚህ ኃላፊዎች ሆይ፣ ሳጥኑን ክፈቱ። ማሽኑ ቢሰበር ተማሪው ሲጠግነው ይማርበታል፤ ከነሳጥኑ ቢያረጅ ግን የሚጠግነውም አይኖርም።