አንድ ቤት፣ ሦስት ዋጋ

በስተርጅና የማላየው ጉድ የለም፤ ይኸው በመንደራችን በኮሶዬ አንድ ጭቃ ቤት ሦስት ዋጋ ሲያወጣ አየሁ። አንደኛው ደላላ የሚጠራው ነው፤ እሱ ከሰማይ በታች አይቆምም። ሁለተኛው ውል ላይ የሚጻፈው ነው፤ ግብር እንዳያየው አጎንብሶ ይሄዳል። ሦስተኛው ከእጅ ወደ እጅ የሚቆጠረው ነው፤ እሱን ሻጭ፣ ገዢና ደላላ ብቻ ያውቁታል፣ ሦስቱም እንዳይናገሩ የተማማሉ ይመስላሉ።

የወንድሜ ልጅ ባይደውል ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ የእኔ አልነበረም። ልጁ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። «ጋሼ፣ እናንተ ዘንድ አስፋልቱ ዳር የሚሸጥ ቤት አለ ብለውኛል። የጎንደር ዳርቻ ነው፣ ነገ ይወደዳል ይላሉ። ዋጋው ልክ መሆን አለመሆኑን እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ከጎንደር 30 ኪሎ ሜትር ግድም ርቀን ጉም ለብሰን የምንኖር ሰዎች ለካ «የጎንደር ዳርቻ» ሆነናል!

ደግሞስ ልክ የሚባለው ከምን ጋር ተተያይቶ ነው? አምባ ጊዮርጊስ ገበያ በሬ የገዛ ሰው ማንም ሳይጠይቀው ዋጋውን እየለፈፈ ነው ቤቱ የሚገባው፤ በሳምንቱ የሚገዛው ሰውም በዚያው ይደራደራል። ቤት የገዛውን ጎረቤቴን ግን «ስንት አወጣብህ?» ብለው፣ በሬ ወለደ ያልኩት ይመስል ዓይኑን አፈጠጠብኝ። የሰፈሩ ሰው ስንት እንደከፈለ ካልተናገረ ልክ የሚባለው ከየት ይመጣል? ደላላው «እዚያ ማዶ ያለው እኮ ይህን ያህል ተጠይቆበታል» ይለኛል። መጠየቅማ ማን ይከለክላል! እኔም ለዚህ ከዘራዬ አንድ ሚሊዮን መጠየቅ እችላለሁ።

የጥንቶቹ ጎንደሬዎች በዚህስ ይሻሉ ነበር። ታሪክ አጥኚው ዶናልድ ክራሚ የጎንደርን አድባራት መጻሕፍት ሲያገላብጥ በየኅዳጉና በየባዶው ገጽ የርስት ሽያጭ ተጽፎ አግኝቷል። ሻጭ እገሌ፣ ገዢ እገሌ፣ ዋጋው ይህን ያህል ወቄት ወርቅ፣ ምስክሮቹ እነ እገሌ ይላል። በ18ኛው መቶ ዘመን ሰው የከፈለውን ዋጋ በቅዱስ መጽሐፍ ገጽ ላይ ያስጽፍ ነበር ማለት ነው። እዚያ ላይ ማን ደፍሮ ይዋሻል? የዛሬው ውል ግን የሚጻፈው ግብርን እያሰቡ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ ይመዝገብ ብሏል። ደግ ብሏል። ስሙ ወደ ገዢው ሲዛወር ከዋጋው 2 ከመቶ የቴምብር ቀረጥ ይታሰባል። ያን ጊዜ ቤቱ በአንድ ሌሊት ያረጃል! ትናንት ደላላው «ቪላ» ያለው፣ ዛሬ ሻጩ ራሱ «ኧረ ጎጆ ናት፣ ልትወድቅ ነው» ይላል። ገዢውም ጥቂት ብር ተረፈልኝ ብሎ ይስቃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ነገ ክርክር ቢነሳ ዳኛው የሚያየው የተጻፈውን እንጂ በጨለማ የተቆጠረውን አይደለም።

እሺ ብዬ ቤቱን ላይ ሄድኩ። ሻጩ ጎልማሳ ነው፤ ዋጋውን ሲጠራልኝ ከዘራዬን ተደገፍኩ።

«ልጄ፣ ይህ ቤት በወርቅ ነው እንዴ የተመረገው?»

«አይ አባባ፣ ቦታውን እኮ ነው።»

«ቦታማ አይሸጥም።»

«አልሸጥኩም፤ የምሸጠው ቤቱን ነው።»

«ቤቱማ ጭቃ ነው።»

«ቦታውን እዩታ፣ አባባ!»

እንዲህ እየተሽከረከርን ፀሐይ ዘቀዘቀች። ሕጉን ያልሰማ የለም። በ1967 ዓ.ም. የካቲት ላይ የገጠሩ፣ ሐምሌ ላይ የከተማው መሬት ተወረሰ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም አለ። ስለዚህ ሰውዬው የራሱ ያልሆነውን አስወድዶ፣ ራሱ የሠራውን አርክሶ ነው የሚሸጥልኝ። ዋጋው ልክ ነው ወይ የሚል ሰው መጀመሪያ እነዚህን ሁለቱን ይለያይ። ቋሚው፣ ማገሩ፣ ቆርቆሮው፣ ሚስማሩና የአናጢው ጉልበት ዛሬ ቢሠራ ስንት ይፈጃል? ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ቆርቆሮና ሚስማር ቢወደድ አይገርመኝም። ጭድና ጭቃን ግን ዶላር ምን አገባው? ከዚህ በላይ የተጠየቀው ሁሉ የወረቀትና የቦታ ዋጋ ነው፤ ወረቀቱ ደግሞ ይነበባል።

ወረቀት ስል ስንት ዓይነት መሰላችሁ! ካርታ ያለው አለ፤ ካርታውም ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ ተብሎ ይጠየቃል። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ 99 ዓመት ሰጥቷል፤ ስንቱ አልፏል? ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ካለስ ከዋጋው ላይ ተቀንሷል? ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ያለው ደግሞ የገበሬ ይዞታ ነው፤ ያለው አረንጓዴ ደብተር ነው። የገጠር መሬት ይወረሳል፣ ይሰጣል፣ ይከራያል እንጂ አይሸጥም። ታዲያ ምን ይደረግ? ዘመድ ነው፣ ወዳጅ ነው ይባልና «ስጦታ» ተብሎ ይጻፋል። ሦስት ቀን ሙሉ ሲከራከሩ፣ ሲማማሉ፣ ቀብድ ሲቆጥሩ ከርመው በአራተኛው ቀን «በፍቅር ሰጠሁት»! እንዲህ ያለ ፍቅር በዘመኔ አላየሁም። በየከተማው ጠርዝ ያለው የጨረቃ ቤትማ ሌሊት ተሠርቶ ቀን ይሸጣል፤ ዋጋው ቢረክስም አፍራሽ የመጣ ዕለት ኪሳራው የገዢ ነው።

ወረቀቱን ስጠይቅ ደላላው ወሬውን ወደ መንደራችን ገደል አዞረው። «አባባ፣ እይታውን ይመልከቱ እንጂ! ንግሥት ኤልሳቤጥ የቆመችበት አገር እኮ ነው!» ንግሥቲቱ በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትጎበኝ ጎንደር መምጣቷ እውነት ነው፤ ኮሶዬም ላይ ቆማ ቆላውን አይታለች ይባላል። ብታይስ? አይታ ሄደች እንጂ ቤት ገዛች? ቀጠለና ደግሞ «አሁንማ ፈረንጅም መግዛት ይችላል» አለኝ። በ2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የውጭ ዜጋ ቤት እንዲይዝ ፈቅዷል፣ ማውጣት ያለበት ትንሹ ገንዘብ 150 ሺህ ዶላር ነው። እንግዲህ ሻጫችን ጣሪያው እያፈሰሰ ባለ 150 ሺህ ዶላር ፈረንጅ ይጠብቃል!

ገደሉን እኔም እወደዋለሁ። ግን ዋጋ ከተሰጠው ነፋሱም ይቀነስ፤ ሐምሌና ነሐሴ ከዚያ ገደል ሥር የሚመጣው ብርድና ጉም ልብስ አያደርቅም። ቤት የሚታየው ያን ጊዜ ነበር። እነሱ ግን ጥቅምት ላይ፣ ሰማይ ሲጠራ፣ አደይ ሳይረግፍ ነው የሚያሳዩት። እኔ ዘዴውን አውቃለሁ። ግድግዳው ከወገብ በታች አዲስ ኖራ ተቀብቷል፤ ከወገብ በላይ ያለው የድሮው ነው። ሰው ለጌጥ የቤቱን ግማሽ ብቻ ይቀባል? በከዘራዬ ጫፍ የግድግዳውን ሥር ጫን ብለው እንደ ገንፎ ገባ። የማዕዘኑ ቋሚም ሥሩ በስብሷል። ከአልጋው ራስጌ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፤ ልሳለም ብዬ ቀና ሳደርገው ከኋላው ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ! እሷ አማላጅ ናት እንጂ መራጊ ማን አደረጋት?

በመጨረሻ የኪራዩን ሒሳብ አነሳሁ። እንበል ቤቱ በወር 5 ሺህ ብር ተከራየ፤ በዓመት 60 ሺህ ነው። 3 ሚሊዮን ብር ብትከፍልበት ገንዘብህ የሚመለሰው በ50 ዓመት ነው፤ ያውም ጣሪያ ሳይቀየር፣ ተከራይ ሳይጠፋ። ይህን ስለው ደላላው «ደባርቅ እኮ እንዲህ እየተጠየቀ ነው» አለኝ። ደባርቅ የዞን ከተማ ናት፣ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የስሜን ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው፤ መምህሩም ሠራተኛውም ኪራይ ይፈልጋል። እኛ ጋ ያለው ጉምና ጭላዳ ነው፤ ጭላዳ ደግሞ ኪራይ አይከፍልም። መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ሚኒባስ የሚናፍቅ መንደር በደባርቅ ዋጋ ይሸጥ ማለት ምን ይሉታል?

ማታ ለልጁ ደወልኩለት። የግንባታውን ወጪ፣ የወረቀቱን ጉድለት፣ የበሰበሰውን ቋሚ፣ የኪራዩን ሒሳብ አንድ በአንድ ዘረዘርኩና «ከተጠየቀው ግማሹን በልና ዝም በል፤ የተከፈለውን ሙሉውን ውል ላይ አስጽፍ» አልኩት።

«ጋሼ፣ ደላላው እኮ ሌላ ገዢ አለ፣ ነገ ቀብድ ሊሰጥ ነው ብሎኛል» አለኝ።

አንተ ልጅ፣ ይህ ሌላ ገዢ እኔ ጎረምሳ ሳለሁም ነበር። ያኔም «ነገ» ነበር የሚመጣው። በሬም ስንሸጥ፣ በቅሎም ስንሸጥ ከኋላችን የሚቆም ሰው ነው፤ ፊቱን ያየ ግን የለም። ይምጣ፣ ይግዛው፣ ይባረክለት። እኔ ከእሱ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስንት እንደከፈለ ሳይዋሽ ይንገረኝና ኮሶዬ ላይ የቤት ዋጋ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው ይሁን።