ጫማ ወይስ ጫፍ? በቦዲቲና አካባቢዋ የሚነሡ የመልክዓ ምድር ፎቶዎች መጠነኛ ጥናት

አንድ ሰው ተራራ ላስነሣ ብሎ ከቤቱ ይወጣል፤ ተራራው ፊት ይቆማል፤ ጀርባውን ይሰጠዋል፤ በትከሻው ሸፍኖት ሲያበቃ «ተራራው እንዲገባ አድርገህ አንሣኝ» ይላል። ስለ ተራሮቻችን አፈጣጠር የሚያስረዱ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ ስለዚህ ትእዛዝ ግን የጻፈልን የለም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። (የመመረቂያ ጽሑፍ የሠራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ክፍተት የሌለው ጥናት አያልፍም።)

ቦዲቲ ለጥናቱ የተመረጠችው በሳይንሳዊ ምክንያት ነው። ከተማዋ ከሻሸመኔ በሃላባ ቁሊቶ አድርጎ ወላይታ ሶዶ በሚያስገባው መንገድ ላይ ናት። ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ኮንሶ፣ ወደ ደቡብ ኦሞ የሚወርድ ካሜራ የታጠቀ መንገደኛ በመኪናው መስኮት ያያታል፤ ሲከፋም ማሽላ ጥብስ ይገዛባታል፤ ለፎቶ ግን እምብዛም አይወርድም። እንግዲህ ባለሙያ ፎቶ አንሺ እምብዛም የማይወርድበት አገር የሚነሣው ፎቶ በአርትዖት ፍላጎት ብዙም አልተበከለም። ንጹሕ ናሙና ማለት ይህ ነው።

ዋናው የመረጃ ምንጭ አልበም ነው። ቡናው እስኪፈላ «እስከዚያ እሱን እያየህ» ተብሎ እንግዳ ጭን ላይ የሚቀመጠውን ማለቴ ነው። ሽፋኑ ጽጌረዳ ያለበት፣ ገጾቹ በላስቲክ የተጣበቁ፣ መካከሉ ላይ ከማን ሰርግ እንደመጣ የማይታወቅ ፎቶ የተሸጎጠበት። ስልክ ከመጣ ወዲህ የአልበሙ ሥራ ቢቀንስም የፎቶው ሕግ አልተለወጠም፤ ሕጉን ለመረዳትም በመስክ የታየውን አንድ ጉዳይ ማቅረብ ይበቃል።

ቦታው መንገድ ዳር ነው። አንድ ሙሉ ሱፍ የለበሱ ጎልማሳ የዳሞታን ተራራ ከኋላቸው አድርገው ቆመዋል። ስልኩን የያዘው የወንድማቸው ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ወደ እኔ ጠጋ ቢሉ ተራራው ሙሉ ይገባል።»

«ጫማዬስ?»

«ጫማው ይቀራል ጋሼ። ከወገብ በላይ ነው የሚሆነው።»

«ታዲያ ምኑን ፎቶ ሆነው! ወደ ኋላ ሂድ እንጂ!»

ልጁ ወደ ኋላ ሄደ። ከኋላው አስፓልት፣ አስፓልቱ ላይ ባጃጅ ነበር። ባጃጁ ጡሩምባውን ነፋ፤ ልጁ ባለበት ቆሞ ስልኩን ዝቅ አደረገ። ጫማው ገባ። ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋው ዳሞታ ከአናቱ ተቆረጠ። ፎቶው ታየ፤ ጫማው በጣት ሰፋ ተደርጎ ተመረመረ፤ ጸደቀ።

ከዚህ የሚከተለው መርሕ ይወጣል፦ ጫማና ጫፍ አንድ ፎቶ ውስጥ አብረው መግባት ካልቻሉ፣ የሚቀረው ጫፍ ነው። ምክንያቱን ሲጠየቁ ጎልማሳው የሰጡት መልስ በሥነ ዘዴው እንከን የለውም። ተራራው ነገም እዚያው አለ፤ ጫማው ግን የዛሬ ነው።

የዓለም ታሪክ ከጎልማሳው ጋር ነው። ፈረንሳዊው ኒዬፕስ በ1826 ወይም በ1827 እ.ኤ.አ. ከመስኮቱ ሆኖ ያነሣው፣ እስከ ዛሬ ከተረፉት የካሜራ ፎቶዎች ሁሉ ቀዳሚ የሆነው ሥራ ጣሪያና ሰማይ ነው፤ ሰው የለበትም። ብዙ ሰዓት ፈጅቶ ከተነሣ በኋላም ምኑ ምን እንደሆነ በግድ ነው የሚለየው። በ1838 እ.ኤ.አ. ሌላው ፈረንሳዊ ዳጌር ፓሪስ ውስጥ አንድ ሰፊ ጎዳና አነሣ። የዚያን ዘመን ካሜራ ደቂቃዎች ይፈልግ ስለነበር የሚንቀሳቀሰው ሁሉ፣ ሠረገላውም እግረኛውም፣ ከፎቶው ጠፋ። የቀረው ጥግ ላይ እግሩን አንሥቶ ጫማውን የሚያስጠርግ አንድ ሰው ነው። በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶ ውስጥ የታየ ሰው ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው የሊስትሮ ደንበኛ ነው። የገባው ቆንጆ ስለሆነ አይደለም፤ ጫማው እስኪያልቅ ስለቆመ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ተራሮቻችንን በካሜራ ካነሡት ቀደምቶች መካከል በ1868 እ.ኤ.አ. ከጄኔራል ናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመቱት የእንግሊዝ መሐንዲስ ወታደሮች ይገኙበታል። ሰዎቹ ለሽርሽር እንዳልመጡ ይታወቃል። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ይዞ ባዶ ተራራ ላይ የሚያፈጥ ሰው «ምን ፈልገህ ነው?» ቢባል ጥያቄው ታሪካዊ መሠረት አለው። በየድልድዩና በየግንቡ የተለጠፈው «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» በአገራችን ስለ ፎቶግራፍ ከተጻፉት ሁሉ በብዛት የተነበበው ጽሑፍ ሳይሆን አይቀርም። ተራራው ፊት ዘመድ ካቆምህ ግን ጥርጣሬው ወዲያው ይበናል። ዘመዱን ነው የሚያነሣው ይባላል። ስለዚህ ሰውየው ከተራራው ፊት የሚቆመው ለኩራት ብቻ አይደለም፤ የፎቶ አንሺው የይለፍ ወረቀት ነው።

የውጭው ሊቃውንት ሰው የሌለበትን ገጽታ ያደንቃሉ። አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ ዮሰሚቲን ባዶ አድርጎ አነሣትና ዓለም አጨበጨበ። ሸለቆው ባዶ የሆነው ግን ነባር ነዋሪዎቹ ቀደም ብለው በኃይል ስለተባረሩ ነው። የእኛም ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር በ2016 እ.ኤ.አ. ተነሥቷል፤ ምክንያቱ የዱር እንስሳት ጥበቃ ቢሆንም ለፎቶም መመቸቱ አልቀረም። ወላይታ ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። ዞኑ በገጠር የሕዝብ ጥግግት በአገሪቱ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ነው። ካሜራውን ወደ የትም ብታዞረው አንድ ሰው ጀሪካን ይዞ ይመጣል። ሰውየው እስኪያልፍ ከጠበቅኸው ሌላው ይደርሳል፤ እሱን ስትጠብቅ የመጀመሪያው ይመለስና ምን እንደምትጠብቅ ይጠይቅሃል። ከዚህም በላይ ዳሞታ ተራራ ላይ የሚገኘው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ የድንጋይ ዘመን ሰዎች ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደኖሩበት የሥነ ቁፋሮ ማስረጃ የወጣበት ነው። ይህን ያህል ዘመን ሰው ከፊቱ ያልጠፋን ተራራ ለብቻው ማንሣት የታሪክ ስሕተት ይሆናል።

ስለ ብርሃን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። መምህራን ጠዋትና ማታ አንሡ ይላሉ። ዳሞታ ከቦዲቲ ወደ ምዕራቡ በኩል ስለሆነ፣ ተራራውን ከጀርባው ያደረገ ሰው ጠዋት ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ትገባበትና እያለቀሰ ይነሣል፤ ማታ ደግሞ ፀሐይዋ ከኋላው ስለምትሆን ጠቁሮ ማን እንደሆነ አይለይም። ሕዝቡ ሁለቱንም ትቶ ስድስት ሰዓትን መርጧል። በስድስት ሰዓት ሁሉም ነገር እኩል ይከፋል፤ ፍትሐዊ ነው።

ትልቁ ውዝግብ ያለው ቤቱ ላይ ነው። መጤው ፎቶ አንሺ የወላይታን ረጅም የሣር ቤት ይፈልጋል፤ ባለቤቱ ደግሞ ቆርቆሮውን። ባለቤቱ ቆርቆሮውን ያለበሰው በብዙ ዓመት ጥሪት ነው፤ ሣር ቤቱ ዛሬ ላሞች ያድሩበታል። እንግዳው «እዚህ ጋ ይቁሙልኝ፣ ባህላዊ ነው» ሲል ሰውየው ሰማያዊ ቀለም ከተቀባው በር ላይ ንቅንቅ አይልም። ከብዙ ድርድር በኋላ ሁለቱ እንሰቱ ሥር ይስማማሉ፤ እንሰት ማንንም አያሳፍርም። ከበስተኋላ ባሕር ዛፍ ይገባል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነውና «ያልተነካው የኢትዮጵያ ገጽታ» ተብለው ከሚታተሙት ፎቶዎች ስንቶቹ የአውስትራሊያ ድርሻ እንዳለባቸው ወደፊት ቢጠና መልካም ነው።

የመንግሥት ፎቶ ሌላ ዓለም ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ የቱሪዝም ሥራውን ሲያቋቁሙ «የ13 ወር ፀጋ»ን ለዓለም አስተዋወቁ፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ መለያው «ምድረ ቀደምት» ተባለ። መፈክሩ ሲለወጥ የግድግዳው የቀን መቁጠሪያ አልተለወጠም፤ ላሊበላ፣ ፋሲል፣ ጢስ ዓባይ፣ ሰሜን ተራሮች፣ ከዚያ እንደገና ላሊበላ። ከአረካ ወዲያ ያሉት መንትያዎቹ የአጆራ ፏፏቴዎች ጎን ለጎን ሲወርዱ ይኖራሉ፤ የወላይታ ሰው ግን ፎቶ ቤት ገብቶ ሸራ ላይ የተሳለ ፏፏቴ ፊት ይቀመጣል። ከሸራው ግራ ዳክዬ፣ ከቀኙ የባዕድ አገር ቪላ አለ። ምርጫው ምክንያት አለው፦ አጆራ ድረስ ከተኬደ ጫማው ይጨቀያል።

ጥናቱ በመስኩ ያገኘው ክፉ ልማድ አንድ ብቻ ነው። መንገደኛው ያነሣል፤ የተነሣው «ትልክልኛለህ?» ይላል፤ መንገደኛው «እልክልሃለሁ» ይላል። ስልክ ቁጥር ይጻፋል፤ በጥንቃቄ ተደግሞ ይነበባል። ፎቶው አዲስ አበባ ደርሶ ይታያል፣ ይወደሳል፣ አንዳንዱም ይሸለማል፤ ቦዲቲ ግን አይደርስም። በፊልም ዘመን ማሳጠቡ ውድ ነው፣ ፖስታውም ሩቅ ነው ይባል ነበር። ዛሬ ይህ ሰበብ የለም።

ስለዚህ በዚያ መንገድ የምታልፉ አንባብያን፣ ያነሣችኋቸውን ሰዎች ፎቶ ላኩላቸው። በቴሌግራም ስትልኩም እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርድና ጫማው አይታይም።