የአቶ ባለጋዝ ፎርክሊፍት የሕይወት ታሪክ

የአቶ ባለጋዝ ፎርክሊፍት የዘር ሐረግ እ.ኤ.አ. በ1917 ሚሺጋን ውስጥ ክላርክ ከተባለው ፋብሪካ ከወጣች ባለሦስት ጎማ የቤንዚን ጋሪ ይመዘዛል። ቅድመ አያታቸው ሹካ እንኳ አልነበራትም፤ ጥርሱ የበቀለው በልጆቿ ጊዜ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘሩ ከጣውላው የጭነት መደብ ከፓሌት ጋር ተጋብቶ በየወደቡ ተባዛ። ሟች ቤንዚኑን ትተው የጋዝ ሲሊንደራቸውን ከሾፌሩ ጀርባ እንደ ልጅ አዝለው የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ባለባትሪው ዘመዳቸው ቻርጅ ለማድረግ ሰዓታት ሲቆም፣ እሳቸው ሲሊንደር ቀይረው በደቂቃዎች ውስጥ ሥራ ይገባሉ፤ 25 ኩንታል ማንሳትም ብርቃቸው አልነበረም። በሽታቸው ጭሱ ነበር። ከቤንዚን ይሻላል ቢባልም በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ሰው ይመርዛል፤ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2024 ቀስ በቀስ ከሥራ የሚያስወጣቸውን ደንብ አጸደቀች።

የለቅሶውን ድንኳን ግን ሀዋታ እንትከል። እኛ ሽንፋ የምንለው ወንዝ ድንበር ተሻግሮ ራሃድ ተብሎ በሚያልፍባት በዚህች የሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ከተማ፣ ሰሊጡና ማሽላው ዛሬም መኪና ላይ የሚወጣው በትከሻ ነው፤ ማጅራቱ ላይ ባዶ ጆንያ አጥፎ የጣለ ተሸካሚ፣ ከሥሩ የሚያረገርግ ሳንቃ። የመብራት ነገር በማያስተማምንበት አገር ሲሊንደር ብቻ የሚጠይቅ ማሽን ከባለባትሪው ይልቅ ይመች ነበር። ታዲያ ማን ከለከላቸው? «ርካሽ ጉልበት» የሚል አይጠፋም። እውነትነት አለው፤ በመተማ በኩል ለአጨዳ ሲሻገር የኖረው የእኛም ወጣት ምስክር ነው። ነገር ግን ማሽኑ በነፃ ቢመጣስ? ክረምት ሲገባ ዋልካው እግር ይውጣል፤ ትንንሾቹን ጎማዎችማ አይምርም። ጆንያው መሬት ላይ እንደተነባበረ ነውና ሹካው የሚገባበት ክፍተት የለም። ስለዚህ ሟችን እዚህ የገደላቸው ባትሪም ተሸካሚም አይደለም፤ የሲሚንቶ ወለልና የጣውላ ፓሌት ማጣት ነው። ማሽን ብቻውን አይሰደድም፤ ቤተሰቡን ይዞ ነው።

«የተሸካሚው እንጀራስ?» የሚለው ተቃውሞ ይከብዳል፤ በአንድ ቀን ማሽን አምጥቶ ሰውን ማባረር ግፍ ነው። ሆኖም ይህን ጥያቄ አዘውትሮ የሚያነሳው ከሳንቃው ሥር ቆሞ ጆንያ የሚቆጥረው ነጋዴ መሆኑ ትንሽ ያጠራጥራል።

የለቅሶው ንፍሮ የማሽላ ነው፤ እህሉ ደርሷል። ከመኪናው የሚያወርድ ሰው ይፈለጋል።